በራሱ የጠፋ ብልሽት

አነስተኛ አውሮፕላን ለሚጠግን የኤሌክትሪክ ባለሙያ የተቃጠለ ሽቦ ቀላል ሥራ ነው። ይሸታል፣ ይጠቁራል፣ ያለበትን ቦታ ራሱ ያሳያል። ሰውን የሚያስጨንቀው ትናንት አየር ላይ ታይቶ ዛሬ መሬት ላይ የጠፋው ብልሽት ነው። አብራሪው ሬዲዮው ደጋግሞ እንደተቋረጠበት ይናገራል፤ አውሮፕላኑ ተከፍቶ ሲፈተሽ ሬዲዮው አንድም እንከን አይታይበትም። አንዱ ማገናኛ ነቅሎ መልሶ ይሰካል፣ ሌላው መለዋወጫ ይቀይራል፣ በመጨረሻም በጥገና መዝገቡ ላይ "ተፈትሾ ደህና ሆኖ ተገኝቷል" ተብሎ ይጻፍና አውሮፕላኑ ይወጣል።

ይህን አጻጻፍ አልወደውም። በሙያው በቆየሁ ቁጥር እየጠነከረብኝ የመጣ አንድ አቋም አለኝ፦ ምክንያቱ ያልታወቀ ብልሽት አልተጠገነም። መብራቱ ቢበራም፣ የመለኪያው መርፌ ቢረጋም፣ አብራሪው አመስግኖ ቢሄድም አልተጠገነም። ብልሽቱ እዚያው አለ፤ መቼ እንደሚመለስ ደግሞ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ በራሱ የሚጠፋ ብልሽት ለምን እንደሚጠፋና እንዴት እንደሚያዝ ሰፋ አድርጌ ልጽፍ ተነስቻለሁ።

ነገሩን ለመከተል ሥርዓቱን በጥቂቱ ማወቅ ይበቃል። ባለ አንድ ሞተር አነስተኛ አውሮፕላን ውስጥ ኃይል የሚያከማች ባትሪ አለ፤ በሞተሩ ጉልበት እየዞረ ኃይል የሚያመነጭ አልተርኔተር አለ፤ የአልተርኔተሩን ምርት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሬጉሌተር አለ። ኃይሉ ሁሉ ባስ ባር በሚባለው የብረት ሰሌዳ ላይ ይገናኝና ከዚያ ከልክ ያለፈ ኃይል ሲመጣ ዘሎ በሚቆርጠው በየብሬከሩ በኩል ወደ ሬዲዮው፣ ወደ መብራቱና ወደ መለኪያዎቹ ይከፋፈላል። የቆዩት አውሮፕላኖች ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይዘው ሞተሩ ሲሠራ 14 ቮልት አካባቢ ላይ ይቆማሉ፤ ከእነሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ደግሞ ባለ 24 ቮልት ባትሪ ይዘው በ28 ቮልት አካባቢ ይሠራሉ። ቮልቱ ሲያድግ ለዚያው ሥራ የሚያስፈልገው አምፔር ስለሚቀንስ ሽቦው ይቀጥናል፣ ክብደትም ይቀንሳል።

የመኪና ኤሌክትሪክ የለመደ ሰው የሚገረምበት አንድ ነገር አለ። የአብዛኞቹ ባለ ፒስተን አውሮፕላኖች ሞተር ለካንዴላዎቹ የሚሆነውን እሳት ከባትሪው አይወስድም። ሁለት ማግኔቶዎች በሞተሩ እየተዘወሩ የየራሳቸውን እሳት ያመነጫሉ፤ ስለዚህ ባትሪውም አልተርኔተሩም ቢሞቱ ፕሮፔለሩ መዞሩን ይቀጥላል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሆኖም በሌሊት ወይም በደመና ውስጥ እየበረረ ሬዲዮው፣ መብራቱና በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መለኪያዎች የጠፉበት አብራሪ፣ ሞተሩ ስለሠራለት ብቻ በሰላም ያርፋል ማለት አይቻልም።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ብልሽት የአንዲት መርፌ መንቀጥቀጥ ነው። አውሮፕላኑ ባለ 14 ቮልት ነበር። የአምፔር መለኪያው መርፌ ያለማቋረጥ ግራና ቀኝ ትወዛወዛለች፤ የውስጥ መብራቶቹም ከእሷ እኩል ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። ባለቤቱ ወደ እኔ ከመምጣታቸው በፊት ሬጉሌተሩ ተቀይሮላቸው ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ ደህና ሆኖ መልሶ ጀመረ። ከዚያ አልተርኔተሩ ተቀየረ፤ አሁንም ለጥቂት ጊዜ ደህና ሆኖ መልሶ ጀመረ።

"ሌላ ሬጉሌተር ልግዛ ወይስ ባትሪውን ልቀይር?" አሉኝ። ድካማቸው ከድምፃቸው ይሰማል።

"ለጊዜው ምንም አይግዙ" አልኳቸው። "መጀመሪያ እንለካ።"

እዚህ ላይ የሬጉሌተሩን ሥራ ማስተዋል ያስፈልጋል። አልተርኔተር ውስጥ የሚዞረው አካል መግነጢስ ካልሆነ ኃይል አይመነጭም፤ መግነጢስ የሚያደርገው ደግሞ ፊልድ የሚባለው፣ በካርቦን ብሩሾች በኩል የሚገባለት ጥቂት አምፔር ነው። ሬጉሌተሩ የባስ ባሩን ቮልት ይመለከትና ዝቅ ካለ ለፊልዱ ብዙ ይሰጣል፣ ከፍ ካለ ይቀንሳል። በብዙ የቆዩ አውሮፕላኖች ላይ ግን ሬጉሌተሩ ባስ ባሩን በቀጥታ አያየውም። ቮልቱን የሚያይበት ሽቦና ለፊልዱ የሚሰጠውን ኃይል የሚቀበልበት ሽቦ አንድ ነው። ያም ሽቦ በብሬከሩ፣ የአውሮፕላኑን ኤሌክትሪክ በሚያበራውና በሚያጠፋው በማስተር ስዊቹ የአልተርኔተር ወገን፣ ቮልት ከልክ ሲያልፍ በሚያቋርጠው መከላከያና በየማገናኛው ውስጥ ያልፋል።

ከእነዚህ አንዱ ቢዝግ ወይም ቢላላ የፊልዱ ኃይል በፈሰሰ ቁጥር ጥቂት ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ሬጉሌተሩም ባስ ባሩ የደከመ ይመስለውና ፊልዱን ይጨምራል። ባስ ባሩ ከልክ በላይ ይወጣል። አሁን ሬጉሌተሩ ፊልዱን ይቀንሳል፤ ፊልዱ ሲቀንስ መንገድ ላይ የሚቀረው ቮልት አብሮ ስለሚቀንስ ሬጉሌተሩ ድንገት ከፍ ያለ ቁጥር ያያል፤ ይብሱኑ ይቆርጣል። ባስ ባሩ ይወርዳል፣ ነገሩም ከመጀመሪያው ይጀመራል። መርፌዋ የምትወዛወዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሬጉሌተሩ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነበር፤ የተሳሳተው የሚደርሰው ወሬ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ሞተር ማስነሳት እንኳ አያስፈልግም። የማግኔቶው ቁልፍ ጠፍቶ ወጥቷል፣ ፕሮፔለሩ አጠገብ ሰው የለም፣ ማስተር ስዊቹ ብቻ በርቷል። ሞተሩ በቆመበት የባትሪው ቮልት ሬጉሌተሩ ከሚፈልገው በታች ስለሆነ ሬጉሌተሩ ለፊልዱ ያለውን ሁሉ ይለቅቃል፤ በዚያ አውሮፕላን ላይ ይህ ወደ 3 አምፔር ይጠጋ ነበር። በመጀመሪያ ካቻቢቴ አንስቼ ብረቱን ወደ አልተርኔተሩ የኋላ ኩሽኔታ አስጠጋሁት፤ ሳብ አድርጎ ያዘው። ማስተሩን ሳጠፋ ለቀቀው። ፊልዱ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ብሩሾቹም ይገናኛሉ። ይህን ፈተና እወደዋለሁ። አንድም ዳዶ ሳይፈታ፣ አንድም ማገናኛ ሳይነቀል ብዙ ነገር ይናገራል።

ቀጥሎ ቴስተሩን ወደ ዲሲ ቮልት አዙሬ አንዱን ጫፍ ባስ ባሩ ላይ፣ ሌላውን ሬጉሌተሩ መግቢያ ላይ አሳረፍኩ። ሁለቱ ነጥቦች በሽቦ የተገናኙ ናቸውና ቁጥሩ ወደ ዜሮ መጠጋት ነበረበት። ቴስተሩ 0.9 ቮልት አሳየ። ከዚያ መንገዱን እየቆራረጥኩ ለካሁ። በብሬከሩ ላይ 0.1፣ በማስተር ስዊቹ ላይ 0.6፣ ሞተሩን ከአብራሪው ክፍል በሚለየው ግድግዳ፣ በፋየርዎሉ፣ አጠገብ ባለው ማገናኛ ላይ የቀረው 0.2። ስዊቹን በጣቴ ነካ ሳደርገው ቁጥሩ ይወጣል ይወርዳል። መንገዱ ኃይሉን የሚያግድበት መጠን በኦም ይለካል፤ 0.6 ቮልት ለ3 አምፔር ሲካፈል 0.2 ኦም ይሆናል። ያን ሁሉ ገንዘብና ያን ሁሉ ጭንቀት ያመጣው ይኸው ነው። ስዊቹ ተቀየረ፣ ማገናኛው ተጸዳ፣ መልሼ ስለካ ጠቅላላው 0.15 ቮልት ሆነ። ሞተሩ ሲነሳ መርፌዋ በተቀመጠችበት ጸናች።

ታዲያ መለዋወጫ በተቀየረ ቁጥር ብልሽቱ ለጊዜው የጠፋው ለምንድን ነው? ሰው ሁሉ ቢያስብበት የምመኘው ጥያቄ ይህ ነው። ሬጉሌተር ለመቀየር ማገናኛው ይነቀላል፣ መልሶ ይሰካል፤ ሲሰካ ብረት በብረት ላይ ተፋግቶ የላዩን ዝገት ይፍቃል። ሠራተኛው ሥራውን ለመፈተን ማስተር ስዊቹን ደጋግሞ ያበራል፣ ያጠፋል፤ የስዊቹ የውስጥ ጥርሶች ተፋቅተው ለጊዜው ደህና ይገናኛሉ። የሽቦው ጥቅል ተገፍቶ በሌላ አቀማመጥ ይውላል። ብልሽቱ ይጠፋል፣ ምስጋናውን አዲሱ ዕቃ ይወስዳል። አሮጌው ሬጉሌተር ጤነኛ ሆኖ ሳለ ይጣላል።

ከገንዘቡ በላይ የሚያናድደኝ ሌላ ነገር አለ፤ ማስረጃው ጠፍቷል። ብልሽቱ እየታየ ሳለ ለመለካት የነበረው ዕድል በአንድ መንቀል አለፈ። በዚህ ምክንያት አንድ አውሮፕላን ብልሽቱን ይዞ ሲደርስልኝ እጄን እሰበስባለሁ። አያለሁ፣ አሸታለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ እለካለሁ፤ መንቀል የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ወጣት ባልደረቦቼ ይህን ዝግታ ስንፍና አድርገው ሲያዩት አይቻለሁ። አብረን ስንሠራ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ "ይህን ከመንቀልህ በፊት ስንት ቮልት ነበረው?" መልሱን ካላወቁ ማገናኛው ይቆይ።

ስለ ቴስተር ካነሳሁ አንድ ነገር አስረግጬ ልናገር። በኦም መለካት ብዙ ሰው አሳስቷል። ኃይል ጠፍቶ ሽቦ በኦም ሲለካ ቴስተሩ የሚልከው እጅግ አነስተኛ ኃይል ነው፤ ያን ያህሉን ለማሳለፍ አንዲት ክር ትበቃለች። የማረፊያ መብራቱ በጣም የፈዘዘበት አውሮፕላን አጋጥሞኝ ነበር። ሽቦው በኦም ሲለካ ምንም አልነበረበትም። የአውሮፕላን ሽቦ ብዙውን ጊዜ ከ19 ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ነው። ሽቦውን በሁለት ጣቴ ይዤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዳበስኩ ስሄድ ከማገናኛው ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ያለ ልክ ለስልሶ እጥፍ አለልኝ። የላዩ ልባስ ደህና ነው፤ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ልባሱ ሲገፈፍ ክሮቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ተበጥሰው ነበር፤ የተረፉት ሁለት ብቻ ነበሩ። ቴስተሩ በእነዚያ ሁለት ክሮች በኩል "ሽቦው ደህና ነው" ሲል ነበር፤ አምፖሉ 7 አምፔር ሲጠይቅ ግን ክሮቹ አልቻሉም።

ለዚህ ነው ጭነት እያለበት ቮልት መለካትን የማስቀድመው። መብራቱ እየበራ፣ ሬዲዮው እያስተላለፈ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እየዞረ ቮልቱ የት ላይ እንደሚቀር መፈለግ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የጥገና መመሪያ ያለማቋረጥ ለሚሠራ ጭነት ከባስ ባር እስከ መሣሪያው ድረስ በ14 ቮልት ሥርዓት 0.5 ቮልት፣ በ28 ቮልት ሥርዓት 1 ቮልት ብቻ እንዲቀር ይፈቅዳል። ለሞተሪኖ ነገሩ ይከብዳል። ሞተሪኖ 200 አምፔር ሲስብ 0.01 ኦም ያለው አንድ የላላ ቡሎን 2 ቮልት ይበላል፤ ተራ ቴስተር ደግሞ 0.01 ኦምን በኦም መለኪያው ለይቶ አያሳይም። ስንት ጤነኛ ባትሪ በዚህ ምክንያት ተወግዷል! ፕሮፔለሩ በዝግታ ሲዞር ሁሉም የሚያየው ባትሪውን ነው፤ የባትሪው የመመለሻ ገመድ ከአውሮፕላኑ ገላ ጋር የሚታሰርበትን፣ ቀለምና ዝገት የያዘውን ቡሎን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው።

ብልሽት የት እንደሚኖር ብጠየቅ መልሴ አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው ሁለት ነገሮች በሚገናኙበት ቦታ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ዕቃ የሚበላሽበት ጊዜ አለ፤ ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው የአልተርኔተር ዳዮድ ሲሞት በማዳመጫው ውስጥ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚቀጥንና የሚወፍር ጩኸት ይሰማል፣ ብሩሾች ያልቃሉ፣ ባትሪ ያረጃል። ግን አውሮፕላን ሲበር ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል፤ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ታች ሲወርድ ይሞቃል፣ በዚህ መሃል እርጥበት ይይዛል። የሚጎዳው መጋጠሚያ ነው። በደንብ ያልተጨመቀ የሽቦ ጫፍ፣ ብረት ቀዳዳ ሲያልፍ መከላከያ ጎማው የወለቀበት ሽቦ፣ ከመለኪያዎቹ ሰሌዳ ጀርባ ሳይታሰር የተንጠለጠለ ጥቅል። በካውያ የተበየደ ሽቦም ያስፈራኛል። ቆርቆሮው በክሮቹ መካከል ሰርጎ ያደነድናቸዋል፤ ድንዳኔው የሚያበቃበት መስመር ላይ ንዝረቱ አንድ በአንድ ይበጥሳቸዋል። በትክክለኛ መጭመቂያ የተጨመቀ ጫፍ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። ብሬከር ሲዘል ብዙ አብራሪዎች እጃቸው ቀድሞ ወደ እሱ ይሄዳል፤ ተጫነ፣ ያዘ፣ ጉዞው ቀጠለ። ብሬከር የተቀመጠው ሽቦውን ለመጠበቅ ነው። ቁጥር 22 የሚባለው ቀጭን የአውሮፕላን ሽቦ 5 አምፔር፣ ቁጥር 20 ደግሞ 7.5 አምፔር ብሬከር የሚሰጠው ሽቦው ሞቆ ልባሱ ከመንደዱ በፊት እንዲቆርጥ ነው። የዘለለ ብሬከር አንድ ሽቦ ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ እንደነበር ይመሰክራል። በደፈናው መልሶ መጫን ያንኑ ሽቦ እንደገና ማሞቅ ነው። ለበረራው የማያስፈልግ ዕቃ ከሆነ ብሬከሩ እንደዘለለ ይቅር። የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ቀዝቀዝ እስኪል ተጠብቆ፣ ጢስም ሽታም አለመኖሩ ታይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞከራል፤ ሁለተኛ የለም።

ሐምሌ 2007 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በፍሎሪዳ ግዛት፣ በሳንፎርድ ከተማ የሆነውን ሳስታውስ ዛሬም ይከብደኛል። አንዲት ባለ ሁለት ሞተር ሴስና 310 በበረራ ላይ እያለች አብራሪዎቹ ጢስ መኖሩን ተናግረው በቅርብ ወዳለው አውሮፕላን ማረፊያ ሲያቀኑ በመኖሪያ ቤቶች ላይ ወደቀች። ሁለቱ አብራሪዎችና መሬት ላይ የነበሩ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ከአደጋው አንድ ቀን በፊት ያንኑ አውሮፕላን ያበረረ ሌላ አብራሪ የአየር ሁኔታ ራዳሩ ሲጠፋና የሚቃጠል ነገር ሲሸት አስተውሎ ራዳሩን አጥፍቷል፣ ብሬከሩንም ስቦ አውጥቷል። ሽታው ቆመ። ያየውንም ጽፎ አስረከበ። ምርመራውን ያካሄደው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ የደረሰበት ድምዳሜ፣ የታወቀና መፍትሔ ያላገኘ ብልሽት ያለበት አውሮፕላን እንዲበር መፈቀዱና አብራሪዎቹም ይህንኑ አውቀው ለመብረር መወሰናቸው ለአደጋው ምክንያት ሆኗል የሚል ነው።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። የመጀመሪያው አብራሪ የሚገባውን ሁሉ አድርጓል። ሽታው መቆሙ ግን ነገሩን ቀላል አስመሰለው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ነበር፤ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ነው፣ ብልሽቱ ተጽፏል፣ ቦታው እንኳ ይታወቃል። ያልነበረው ነገር አንድ ሰው ከራዳሩ ጀርባ ያለውን ሽቦ አይቶ ምክንያቱን እስኪያገኝ ድረስ አውሮፕላኑን የሚያቆም ውሳኔ ነው። ሽታ ቆመ ማለት ኃይሉ ተቋረጠ ማለት ብቻ ነው፤ የተጎዳው ሽቦ በተጎዳበት ቦታ አለ።

መሬት ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚያሰጋው ሽቦ የማግኔቶው ነው፤ ሳልጠቅሰው አላልፍም። ማግኔቶ የሚጠፋው ወደ አውሮፕላኑ ገላ በሚያገናኘው ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ ሲበጠስ ሬዲዮም መብራትም አይቀየርም፤ ቁልፉ ጠፍቶ ሳለ ግን ማግኔቶው እሳት መስጠት ይችላል። ፕሮፔለሩን በእጅ የሚያዞር ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ቁልፉ ወጥቶም ቢሆን ፕሮፔለር ሁልጊዜ ሊነሳ እንደሚችል ተቆጥሮ ይነካ።

አየር ላይ ያለ አብራሪ ሥራው ሌላ ነው፤ ጠጋኝ መሆን የለበትም። በባለ 14 ቮልቱ አውሮፕላን የቮልት መለኪያው በበረራ መሃል 12.5 አካባቢ ካሳየ አልተርኔተሩ ሥራውን ትቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ባትሪ ብቻ ነው። የማረፊያ መብራት፣ ሁለተኛ ሬዲዮ፣ ብዙ የሚበላ ነገር ሁሉ ይጥፋ፤ በረዶ የሚሠራበት አየር ካልሆነ የፍጥነት መለኪያውን የአየር ቱቦ የሚያሞቀው የፒቶ ማሞቂያም እንዲሁ። የአሜሪካ የአነስተኛ አውሮፕላኖች ደንብ ዋናው የኃይል ምንጭ ሲጠፋ ባትሪው አስፈላጊ ዕቃዎችን ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲሸከም ይጠይቅ ነበር፤ ከደንቡ በፊት የተሠራ አውሮፕላን ወይም ያረጀ ባትሪ ግን ለዚያ ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ሬዲዮው እየሠራ ሳለ መናገር፣ ቅርብ ወዳለ ማረፊያ መሄድ ነው። ሬዲዮው ከሞተ አውሮፕላኑን ለመሬት ራዳር በሚያሳውቀው ትራንስፖንደር ላይ የሬዲዮ መቋረጥ ምልክት የሆነው 7600 ይሞላል፤ ከበረራ መቆጣጠሪያው ግንብ የሚታየው የማይቆራረጥ አረንጓዴ ብርሃን ማረፍ መፈቀዱን ይናገራል። የሚቃጠል ነገር ከሸተተ ደግሞ ማስተር ስዊቹ ይጠፋል፤ ማግኔቶዎቹ ሞተሩን ይዘው ይቀጥላሉ።

አብራሪው ለእኔ ሊያደርግልኝ የሚችለው ትልቁ ውለታ ግን ያየውን በትክክል መጻፍ ነው። "ኤሌክትሪኩ ችግር አለበት" የሚል ማስታወሻ ምንም አይነግረኝም። ምን በርቶ ነበር? ሞተሩ በምን ፍጥነት ይዞር ነበር? ከብልሽቱ በፊት ወዲያውኑ የተነካው የትኛው ስዊች ነው? ሌላስ ምን አብሮ ተለወጠ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥብኛል።

በቅርቡ አንዲት አብራሪ የጻፈችልኝን ማስታወሻ ለዚህ እጠቅሳለሁ። የማረፊያ መብራቱን ባበራች ቁጥር የግራውም የቀኙም የነዳጅ መለኪያ መርፌዎች በአንድ ጊዜ እንደሚዘሉ፣ መብራቱ ሲጠፋ እንደሚመለሱ ጽፋለች። ስልክ ደውዬ "እህቴ፣ ሁለቱም እኩል ነው የሚዘሉት?" ብዬ ጠየቅኋት። "እኩል ነው፤ የዘይት ሙቀት መለኪያውም ጥቂት ይነቃነቃል" አለችኝ።

አውሮፕላኑን ሳላይ ግማሹ ሥራ አለቀ። ሁለት የተለያዩ ታንኮች ውስጥ ያሉ ሁለት መለኪያዎች በአንድ ቅጽበት አይበላሹም፤ የዘይቱ መለኪያ ሲጨመርበት ደግሞ ጉዳዩ የነዳጅ አለመሆኑ ግልጽ ሆነ። መፈለግ ያለበት ሁሉም የሚጋሩት ነገር ነው። መለኪያዎቹና የማረፊያ መብራቱ የሚጋሩት ኃይሉ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ ነበር። ከመለኪያዎቹ ሰሌዳ ጀርባ የግራውንድ ሽቦዎች ሁሉ በአንድ ቡሎን ሥር ታስረዋል፤ መብራቱን አብርቼ ከቡሎኑ እስከ አውሮፕላኑ ገላ ስለካ 0.8 ቮልት አገኘሁ። 8 አምፔር ገደማ ለሚስበው መብራት ይህ 0.1 ኦም ነው። ቡሎኑ ሲፈታ ከሥሩ ቀለም ተገኘ፤ ገላው ሲቀባ ማንም ሳይፍቀው ቡሎኑ በላዩ ላይ ታስሯል። ቀለሙ ተፋቀ፣ ብረቱ ተወለወለ፣ ሮንዴላው ተቀየረ፣ የመብራቱ ሽቦ ለብቻው ሌላ ቡሎን ላይ ታሰረ። ከዚያ መብራቱን አብርቼ በዚያው ቦታ መልሼ ስለካ ቁጥሩ 0.02 ነበር፤ መርፌዎቹም አልተነቃነቁም። ለአብራሪዋ ሁለቱንም ቁጥሮች፣ የፊተኛውንና የኋለኛውን፣ ጽፌ ሰጠኋት።